ኦቦ ኩምሳ ደም ሊሰጡ መጡ

«ከቀኙ ይሻላል» አሉ ኦቦ ኩምሳ፣ የግራ እጅጌያቸውን መልሰው አውርደው የቀኙን እየጠቀለሉ። «ቀኙ ሲያርስ የኖረ ነው። ደሙም ብርቱ ይሆናል።»

ዬሮሳን ጓንቷን እንዳጠለቀች ቆማ ቀረች። በዚህ ላብራቶሪ ስድስት ዓመት ስትሠራ ክንዱን ወዶ የዘረጋላት ሰው አይታ አታውቅም፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚወጋው። የአባቷ ታላቅ ወንድም ግን በመጀመሪያው ሚኒባስ ከኡካ ተሳፍረው፣ ምርመራ በባዶ ሆድ ነው ሲባል ስለሰሙ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ መቱ ከተማ ገብተው፣ ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ «የወንድሜ ነገር ነው» እያሉ አልፈው ወንበሩ ላይ ጉብ ብለዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ስሙን ላልጠሩት ወንድማቸው።

ጥፋቱ የእሷ ነው። የአባቷ የዲንቃ የፕሮስቴት ካንሰር አጥንቱ ውስጥ ገብቷል ከተባለ ወዲህ፣ የምሳ ሰዓቷን ስልኳ ላይ ተደፍታ ጥናት ስታነብ ነው የምታሳልፈው። ባለፈው ሳምንት አንዱን አንብባ ልቧ ዘለለና ለኦቦ ኩምሳ ልጅ ለኢብሴ በድምፅ ላከችላት፤ በሽታን የሚዋጉ ሴሎች ከደም ይወሰዳሉ፣ ካንሰሩን ለይተው እንዲያውቁት ይሠለጥናሉ፣ ተመልሰው ሰውነት ውስጥ ይገቡና ይዋጋሉ አለቻት። እዚያ ላይ አቆመች። ሴሎቹ የማን እንደሆኑ አልተናገረችም። ነገሩ ገና ባሕር ማዶ በጥቂት ሰዎች ላይ የሚሞከር መሆኑንም አልጨመረችም። ታውቀው ነበር፤ አፏ ግን እንቢ አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ወሬው ኡካ ሲደርስ «ዲንቃን የወንድም ደም ያድነዋል» ሆኖ ቁጭ አለ።

«አቤራ» አለች፤ ከልጅነቷ የአባቷን ወንድም የምትጠራው እንዲህ ነው። «መጀመሪያ ገብተው አይጠይቁትም? የተኛው እዚሁ፣ ከኮሪደሩ ማዶ ነው።»

«ደጁን አልረግጥም ብያለሁ።»

«ሆስፒታል እኮ የእሱ ደጅ አይደለም።»

«እሱ ካለበት ያው ነው። እኔ ደም ልሰጥ ነው የመጣሁት። ስጪው፣ የማን እንደሆነ ግን አትንገሪው። ይዳን። ሲድን ደግሞ እንጣላለን።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። እናታቸው ዲንቃ ቤት የሞተች ጊዜ ክረምት ነበር፤ የኡካው መንገድ በጭቃ ተቆርጦ ኦቦ ኩምሳ ሳይደርሱ ቀሩ። ዲንቃም ሰው ሲጎተጉተው ታላቁን ሳይጠብቅ ቀበረ። እሳቸው በማግስቱ በእግራቸው ሲደርሱ ያገኙት እርጥብ አፈር ነው። የዚያን ዕለት ማሉ። ሽማግሌ ተላከባቸው፣ ቄስ ተላከባቸው፤ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሐኪሙ «ዘመድ ካለ ይጠራ» ብሏታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእሷ የሚያስረዳት አያስፈልግም።

ክንዳቸውን በላስቲክ አሰረች። ደም ሥሩ ተገተረ። አንድ ብልቃጥ ደም ወስዳ «ይኸው ጨረስን፣ አሁን ይግቡና ይዩት» ብትላቸው ማን ያውቅባታል? እውነቱን ካወቁ ግን እጅጌያቸውን አውርደው ወደ መናኸሪያ ነው የሚሄዱት፤ አባቷም ወንድሙን ሳያይ ይሞታል። መርፌውን አነሳች። ሊያድን የመጣን ሰው ማታለል አንጀቷ አልቻለም። ላስቲኩን ፈታችው።

«አቤራ፣ የእርስዎ ደም አይሆንም።»

«አርጅቷል ብለሽ ነው?»

«አይደለም። ሴሎቹ የሚወሰዱት ከራሱ ከበሽተኛው ነው። የሌላ ሰው ከሆነ ሰውነቱ ባዕድ ነው ብሎ ይዋጋዋል።»

«እኔን? ባዕድ ብሎ?»

የፈታችውን ላስቲክ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እሺ ከራሱ ውሰጂለታ!»

«እዚህ አይሠራም። ውጭ አገርም ገና ጥናት ነው። በደም ካንሰር ብዙ ሰው አድኗል፤ በዚህኛው ግን ሴሎቹ እጢው ጋ ሲደርሱ ይዝላሉ። አሁን እንዳይዝሉ የሚያበረታቸው ነገር እየፈለጉላቸው ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ለጊዜው ሠርቷል። ለልጆቻችን ይደርስ ይሆናል።»

«ለዲንቃስ?»

«ለአባዬ አይደርስለትም።»

ይህን ለእናቷ እንኳ አላለችውም ነበር። ብላው ስታበቃ እንባዋ መጣ፤ በጓንቷ ጀርባ ጠረገችው።

ኦቦ ኩምሳ እጅጌያቸውን ቀስ ብለው አወረዱና ቁልፉን ቆለፉ። «እንግዲያው ባዶ እጄን ነው የመጣሁት» አሉ፤ ለታመመ ሰው ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነው። ተነሡ። ዬሮሳን የሚወጡ መስሏት መንገድ ለቀቀችላቸው።

«የትኛው በር ነው?» አሉ።

ዲንቃ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ ላይ ነበር፤ ብርድ ልብሱ ሥር ሰው ያለ አይመስልም። የማስታገሻው መድኃኒት ዓይኑን አደንግዞታል። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴትና አጠገቧ አንድ ሽማግሌ ሲያይ ራሱን ሊያቀና ሞከረ።

«ዶክተር» አለ ሽማግሌውን።

ዬሮሳን «አባዬ፣ እኚህ እኮ» ብላ ስትጀምር ኦቦ ኩምሳ ክንዷን ያዝ አደረጉ።

«ዶክተር፣ ወንድም አለኝ። ታላቄ ነው፣ ኡካ። መንገዱ ይዞት ነው እንጂ ይመጣል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እሱ ሳይደርስ እንዳትቀብሩኝ።»

ኦቦ ኩምሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከብርድ ልብሱ ሥር የወንድማቸውን እጅ ፈልገው አገኙት።

«እንጠብቀዋለን» አሉ።