አራተኛው ብርጭቆ

ሦስተኛውን ብርጭቆ አሽትቼ ስጨርስ አባዬ አሁንም የለም።

"ምን ሸተታችሁ?" ይላል አስተማሪው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሆቴል ውስጥ መጠጥ ሲቀዳ የኖረ፣ ከረባቱ አንገቱን ያነቀው ሰውዬ ነው። ጠረጴዛውን ከበን ስምንት ተማሪዎች ተቀምጠናል። አንዱ ማር ይላል፣ አንዷ ቫኒላ። እኔ ማርም ቫኒላም ፍለጋ አልመጣሁም።

አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። መልኩ ፎቶ ላይ አለ፣ ድምፁም ስልኬ ውስጥ አለ፤ ሽታው ግን ጠፋብኝ። የማውቀው ነገር ቢኖር ከመንገድ ሲመለስ አንዲት መለኪያ የካናዳ ውስኪ ይጠጣ እንደነበር ብቻ ነው። የትኛውን እንደሆነ አላውቅም። ስለ ካናዳ ውስኪ ቅምሻ የሚያስተምር ክፍል መከፈቱን ስሰማ ሁለቴ አላሰብኩም። እማዬ ደግሞ "ብቻሽን ሄደሽማ ሰክረሽ አትመጪም" ብላ ተከተለችኝ። እሷ በዕድሜዋ አልኮል አፏ ገብቶ አያውቅም።

"ካናዳዎች ብዙውን ጊዜ እህሉን አያደባልቁትም" ይላል አስተማሪው። "የበቆሎው ለብቻው ይወጣል፤ ራይ የሚባለው የስንዴ ዘመድም ለብቻው። በየበርሜላቸው ዓመታት ይተኛሉ። የሚገናኙት መጨረሻ ላይ ነው። በሉ ቅመሱና ኩባያው ውስጥ ትፉት።"

"ለመትፋት ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ሰው ለባብሶ የመጣው?" ትለኛለች እማዬ። በሹክሹክታ መናገሯ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አራተኛው ተቀዳ። የመጨረሻው ነው፣ ራይ የበዛበት። አፍንጫዬን እስከ ጠርዙ አስገባለሁ። ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ እርጥብ እንጨት። አባዬ በሩ ላይ የደረሰ ይመስለኛል። ግን አይገባም። ደግሜ ሳሸተው መድኃኒት መድኃኒት ይለኛል። ዓይኔን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ። በዚህ ዕድሜ ሰው ፊት ማልቀስ ያሳፍራል።

"ምን ሆንሽ?" ትለኛለች እማዬ።

"አባዬን ነበር የምፈልገው። የለም።"

እማዬ ብርጭቆዬን ሳብ አድርጋ ሁለት ጣቶቿን ትነክርና ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ አንገቷን ትቀባዋለች።

"እናቴ፣ ሽቶ እኮ አይደለም" ይላል አስተማሪው ደንግጦ።

"ቆይ አንተ!" ትለዋለች ዞር ሳትል። ቆዳዋ እስኪያሞቀው ትጠብቃለች። "አሁን ነይ።"

ጎንበስ ብዬ አፍንጫዬን አንገቷ ውስጥ እቀብራለሁ። ሳሙና፣ የገላዋ ሙቀት፣ ከሥሩ ውስኪው።

አባዬ ነው። ራሱ ነው።

አባዬ እኮ ሳልነቃ ገብቶ ሳልነቃ የሚወጣ ሰው ነበር። አቅፎኝ የሚያውቀው ስንት ቀን ነው? ጠዋት ጠዋት የምጠመጠመው እማዬ አንገት ላይ ነበር። ያኔም ሽታውን የማገኘው እሷ ላይ ትቶት ሲሄድ ነበር።

ቀና ልል ስል እጇ ጭንቅላቴን ይዞ ያስቀረኛል።

"ለእኔ አይሸተኝም" ትላለች፤ አሁን የእውነት በሹክሹክታ። "አለ ወይ?"

"አለ፣ እማዬ።"

አስተማሪው ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀምሯል። እጇ አሁንም አልለቀቀኝም።