ከአፌ የሚቀድሙ ልጆች

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊደል ያስቆጠርኩት በአንድ ሕግ ነው። በሩን ዘግቼ፣ ገበታው ላይ በእንጨት እየጠቆምኩ እላለሁ፤ ልጆቹ እኔ ያልኩትን ይደግማሉ። "ለ!" ስል "ለ!" ይላሉ። ከዚያ ያለፈ ጥበብ የለኝም።

ዛሬ ግን እንጨቴ "መ" ላይ ሳያርፍ "መ!" አሉ። በቃላቸው ይዘውታል ብዬ ሳቅሁ። እስኪ ላሳስታቸው ብዬ የመጨረሻውን ረድፍ አሰብኩ። ክንዴ ገና ሳይነሳ አርባውም ልጆች ባንድ አፍ "ፐ!" አሉ። ልጠቁም ያሰብኩት እሱኑ ነበር።

ማነው ሹክ የሚላችሁ ልል አፌን ስከፍት፣ "ማነው ሹክ የሚላችሁ?" አሉ።

ፊት ወንበር ላይ ወደምትቀመጠው፣ ወፍዬ እያልኩ ወደማቆላምጣት፣ የፊት ጥርሷ ወደወለቀው ልጅ ዞርኩ። እጇን አጣምራ አፍ አፌን ታያለች።

"ወፍዬ፣ የኔ እናት፣ ምን ሆናችኋል?"

ይህንንም ያሉት እነሱ ናቸው፤ እሷም አብራ ብላለች። እኔ ትንፍሽ አላልኩም።

ዳይሬክተሯን ልጥራ ብዬ እንጨቱን ጥዬ ወደ በሩ ሄድኩ። ከኋላዬ አርባው ድምፅ ተነሣ፤ ሳይቸኩል፣ ቃል በቃል እየለየ፣ ልክ እንዳስተማርኳቸው።

"ኧረ የሰው ያለህ! በሩን ክፈቱልኝ!"

እጄ ገና መያዣውን አልነካም።