ጥፍሯን ያወለቀችው ሴት

ትርሲት አዳማ ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት ጥፍር ስትሠራ ኖራለች። በዚያ ዘመን ቁልፍ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ለመግባትም ሆነ ለመውጣት በር የሚከፈተው አውራ ጣት ላይ በሚለጠፍ ሰው ሠራሽ ጥፍር ብቻ ነው። የሰፈሩን ሰው ጥፍር የምትለጥፈው እሷ ነበረች።

መጀመሪያ ጣቶቿን አሳከካት። ከዚያ ቆዳዋ ይሰነጣጠቅ ጀመር፤ የዓይኗ ቆብም አበጠ።

"ማጣበቂያው አለርጂ ሆኖብሻል" አላት ሐኪሙ። "ሥራውን ተዪ። የራስሽንም ጥፍር አውልቂ።"

"የማያሳክክ ሌላ ዓይነት የለም?"

"ሁሉም ያው ነው።"

ነርሷ ጥፍሩን ስታወልቅላት አላመማትም፤ አላለቀሰችምም። ቤቷ ደርሳ በልማድ ባዶ ጣቷን በሩ ላይ አሳረፈች። አልተከፈተም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ የዘጠኝ ዓመት ልጇን መጠበቅ ጀመረች። ጎረቤቶች ሲያልፉ ሰላም አሏት፤ እሷም ሰላም አለቻቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ሶልያና ከትምህርት ቤት መጣች። የእናቷን ጣት አየችና በሩን በራሷ ጥፍር ከፈተች።

"ግቢ፣ እማዬ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች ትርሲት፣ የሰው ቤት እንደምትገባ ሁሉ።

ልጅቷ ቦርሳዋን አስቀምጣ ትንሽ አሰበች።

"ነገ እኔ ስሄድ ውጭ ነው የምትውዪው ወይስ ውስጥ?"

ትርሲት በመስኮቱ መንገዱን አየች።

"ውስጥ" አለች።