በአዊኛ የሚናገረው ምድጃ

በዚያ ዘመን ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር፣ ሦስት ተንከባካቢ ከሌለው ታሟል ተብሎ ይዘጋል። የሶፍትዌር መርማሪዋ የሻረግ፣ የቤት ዕቃዎች በአዊኛ እንዲናገሩ የሚያደርገውን ፕሮግራም ስታይ የቀረው ተንከባካቢ አንድ ወጣት ብቻ ነበር። ደወለችለት።

«ሌሎቹስ?»

«ሥራ ሲያገኙ ተዉት። እኔ አለሁ እኮ፣ እህቴ።»

«አንተ ብትታመምስ?»

እሷም ስልኩን አስቀምጣ ፕሮግራሙን ዘጋችው።

አመሻሹ ላይ ቤት ስትገባ፣ ዓይነ ስውር እናቷ ምድጃውን በአዊኛ «ጠፍተሃል?» እያሉ ይጠይቁታል። እስከ ጠዋት በአዊኛ ይመልስላቸው የነበረው ምድጃ አሁን የሚመልሰው እሳቸው በማይሰሙት አማርኛ ነው። ግራ ቢገባቸው ሊዳስሱት እጃቸውን ዘረጉ። የሻረግ ሮጣ ያዘቻቸው።

«ልጄ፣ ምን አስቀይሜው ነው ያኮረፈኝ?» አሏት።

እጃቸውን እንደያዘች፣ በእሳቸው ፈንታ ምድጃውን አጠፋችው።