ባትሪው ላይ ሰካኸው?

መብራት በጠፋ ቁጥር ልጅቷ ከቢሮ ለአባቷ ትደውላለች። የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ቤት የሚውለውም ብቻውን ነው። ድንገት ቢያመው ሰው የሚጠራበት የቤቱ ስልክ ከሞደሙ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ባትሪ ካልተሰካለት አብሮ ይሞታል።

«አባዬ፣ ሞደሙን ባትሪው ላይ ሰካኸው?»

«ቅድም ራስሽ መጥተሽ ሰክተሽልኝ! ከእኔ ብሰሽ ጃጀሽ እንዴ?»

«አትቀልድ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ ከወንበሬ አልተነሣሁም።»

«ታዲያ እዚህ ሶፋው ላይ የተቀመጠችው ማን ናት?» አለና ሳቀ።

ደግሞ መዘባረቅ ጀመረ ብላ ተበሳጨች። ልትቆጣው አፏን ስትከፍት ከበስተኋላው የሴት ድምፅ ተሰማ። የራሷ ድምፅ ነበር፤ ስትቸኩል እንደሚሆነው ቆጣ ያለ።

«በቃ ዝጋው፣ አባዬ። ባትሪውን ልነቅለው ነው።»