ትኩስ ጀሶ

በሩ ሲንኳኳ የለሳኙ ሚስት እጇ እስከ ክርኗ ጀሶ ነበር። በቀሚሷ ጠረገችና "ማነው?" አለች፤ ማን እንደሆነ ልቧ እያወቀው።

መሐንዲሷ ናት። ከትልቁ መንቀጥቀጥ በኋላ ባለፈው ሳምንት መጥታ፣ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ ላይ ጣት የሚያህል ቀጭን ጀሶ ለጥፋ ሄዳለች። "ይሄ ምስክር ነው" ብላ ነበር። "ከተሰበረ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው ማለት ነው። ያኔ ቤቱ ይፈርሳል።"

ሴትዮዋ ምስክሩን ዛሬ ጠዋት ከመሃሉ ለሁለት ተከፍሎ አገኘችው። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ለባሏ ጀሶ ስታቦካ የኖረች ሴት ናት። ፈቅፍቃ ጣለችና በቦታው ሌላ ለጠፈች፤ ከፊተኛው አሳምራ።

"እንዴት ሰነበቱ፣ እትዬ?"

"ደህና፣ ልጄ። ምስክርሽም ደህና ነው። ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።"

መሐንዲሷ ጎንበስ ብላ አየችው። መዳፏን ጫነችበት፤ ይሞቃል። ጀሶ ተቦክቶ ሲጠነክር እንደሚሞቅ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሴትዮዋን ጥድፊያ አስረሳት እንጂ።

"እትዬ፣ ምስክሬን አተኮሰው እንዴ?"

"ፀሐይ መትታው ነው።"

"በየት ገብታ? መስኮቱ እኮ የጎረቤት አጥር ነው የሚያየው።"

"እንግዲህ በጎረቤት በኩል ዞራ ይሆናላ!"

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ሴትዮዋ አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና እጇን ከግድግዳው ታች አሳረፈች።

"እስከዚህ ድረስ የባሌ እጅ ነው" አለች። "ታሞ መቆም ሲያቅተው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለሰነው። ላይኛውን ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ነው የጨረሰው። እሱ የልስን ማንካውን በግራው ነበር የሚይዘው፤ ዳብሺው እስቲ፣ ዱካው ወደዚያ ነው የሚያጋድለው። እጄን እዚህ ካላደረግኩ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ላይኛውን አፍርሱት፣ ግድ የለኝም። ይሄን ተዉልኝ።"

"ግማሽ ግድግዳ አይቆምም፣ እትዬ።"

"ቆይ፣ መሬቱን ምን ነካው? ምን አድርገነው ነው?"

"ምንም አላደረግነውም። ከሥራችን፣ በጣም ጥልቅ ቦታ፣ መሬቱ ለሁለት እየተለያየ ነው። ጥፍር የሚያድገውን ያህል፣ ቀስ ብሎ። ዓለቱ ደግሞ አልለያይም ብሎ ይያያዛል። ይችለዋል፣ ይችለዋል፣ አንድ ቀን ያቅተውና ይላቀቃል። የሚያናውጠን ያ ነው።"

ሴትዮዋ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች። "ታዲያ አልለያይም ማለቱ ነው ጥፋቱ?"

ልጅቷ አፏን ሳትከፍት መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መንጫጫት ጀመሩ።

"ይውጡ! ይውጡ እትዬ!" ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። የሴትዮዋ መዳፍ ግድግዳውን እየታከከ እስከ በሩ ሄደ።

ግቢው መሃል ሲደርሱ መሬቱ ረጋ። ያኔ ከመኝታ ቤቱ አንድ ነገር ዘጭ አለ፤ እንደ ሙሉ ጆንያ።

"የቱ ነው የወደቀው?" አለች ሴትዮዋ። "ከላይ ነው ከታች? አንቺ ቁመት አለሽ፣ በመስኮቱ እዪልኝ።"

መሐንዲሷ ወደ ጓሮው ዞረች፤ ከመስኮቱ ራቅ ብላ ቆማ አንገቷን አሰገገች።

"ከላይ ነው" አለች። "የእሳቸው ደህና ነው።"

ሴትዮዋ አጥሩን ተደግፋ ከኋላዋ ደርሳ ነበር። ከመስኮቱ ነጭ አቧራ እየተግተለተለ ይወጣል፤ አልጋው አይታይ፣ ግድግዳው አይታይ። የልጅቷን ፊት አየችው።

"እሰይ" አለች። "እሰይ፣ ተመስገን።"

እዚያው ቆሙ። አቧራው ቀስ እያለ ፀጉራቸው ላይ ያርፋል። ሁለቱም አያራግፉትም።