አብዝቶ ያለቀሰው

«ታዲያ ገዳዩ ማነው? ምነው፣ ልባችንን ሰቀልሽው እኮ!» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች፣ ለፀሐዩ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ እንደጣሉ።

ውቢት ቶሎ አልመለሰችም። ዝምታዋ እንደሚያስጨንቃቸው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አውቃለች። ከአሰበ ተፈሪ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ተቀምጦ አፍ አፏን ያያል። ዙሪያውን የሚጠብቁት ነጭ ለባሾች እንኳ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ጆሯቸውን ወደ እሷ ጥለዋል።

አውጫጭኙ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የነጋዴው የመስዑድ ቡና መጋዘን ጋይቶ ዘበኛው ብሩ ውስጡ ሞቷል። እሳቱን የለኮሰው ሰው ስም እስኪወጣ ድረስ ከሰፈሩ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። የሚያውቅ ብድግ ብሎ፣ ከሜዳው ማዶ ግራር ሥር ወደተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ሄዶ በጆሯቸው ይናገራል። እስካሁን የሄደ የለም። ላሞች ሳይታለቡ ጡታቸው ተወጥሮ በየበረቱ ይጮኻሉ፤ የተቆረጠው ጫት በየጓሮው ጠውልጓል።

ውቢት ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት ልታስተምር የመጣች ናት። ቤት የተከራየችው እዚያው ሰፈር ስለሆነ ከሰዉ ጋር ተነድታ ወጣች። በመጀመሪያው ቀን መሰልቸቱ ሲብስባት አዲስ አበባ በቴሌቪዥን ያየችውን የግድያ ታሪክ ትተርክላቸው ጀመር። ዓምና በየሆቴሉ እየዞረች፣ ሰው የወንጀል ድራማ ለምን እንደሚወድ አርባ ሦስት ተመልካች ጠይቃ ጥናት ጽፋለች። የደረሰችበት ነገር አጭር ነበር፦ ሰው ጥፋተኛው እስኪታወቅ ይጨነቃል፤ ሲታወቅ እፎይ ብሎ ሌላ ቢራ ያዛል።

«ገዳዩ» አለች በመጨረሻ፣ «የሬሳ ሳጥኑን ተሸክሞ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ጓደኛው ነው።»

ሜዳው ሁሉ ባንድነት ተነፈሰ፣ ሳቀ፣ አጨበጨበ።

«አይ ሰው! አይ የሰው ክፋት!» ፈለቀች ጭናቸውን መቱ።

«እኔማ አሽከሩ ነው ብዬ ምዬ ነበር!» አለ አንዱ ነጭ ለባሽ።

ውቢት በራሷ ረካች። ጥናቷን እዚህ ሠርታው ቢሆን ኖሮ የተሻለ ውጤት ታገኝ እንደነበር አሰበች።

«ይልቅስ» አሉ ፈለቀች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለብሩ አብዝቶ ያለቀሰው ማን ነበር?»

ስም የጠራ የለም። አንገት ብቻ ዞረ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ጂብሪል ከእናቱ ከኩብራ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። በር ሰብሮ ገብቶ የብሩን ሬሳ ያወጣው እሱ ነው። ሁለቱም እጆቹ እስከ ክርናቸው በጨርቅ ተጠቅልለዋል። በቀብሩ ዕለት ሦስት ሰው ይዞት ነው ከጉድጓዱ አፋፍ የመለሰው።

«እሳት ያልነካ እጅ ይቃጠላል?» አለ አንድ ሸማኔ።

«ሊያወጣው ገብቶ ነው እንጂ!» አለች ውቢት። «ዓይናችሁ እያየ!»

«ያኛውስ ሬሳ ተሸክሞ አልነበር?» አሉ ፈለቀች።

«ያኛው የሚባል ሰው የለም! ድራማ ነው፣ ሰው የፈጠረው ነው!»

«እንዴ! ትናንት እውነት ነው ወይ ስንልሽ በዓይኔ አይቻለሁ አላልሽም?»

ውቢት በእርግጥም እንዲያ ብላ ነበር። ሰዉ ሳቀ።

ኩብራ ልጇን በክንዷ ከለለችው። «ያ ረቢ! ብሩ እኮ ከኔ ቤት ነው የሚበላ! ወንድሙ ነው!»

«ወንድሙ» አሉ ፈለቀች፣ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ።

መጀመሪያ የተነሳችው ሁለት ሕፃናት ለጎረቤት ሰፈር ሰው ጥላ የመጣችው መይሙና ነበረች። ማንንም ሳታይ ወደ ግራሩ ሄደች። ሸማኔው ተከተላት። ጥቂት ቆይቶ ሰልፍ ሆነ።

ውቢት ሰልፉን ጥሳ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። «አቶ ነጋሽ፣ እባክዎ ይስሙኝ። ይሄ ሁሉ ከኔ ወሬ የመጣ ነው።»

አቶ ነጋሽ ቀና ብለው አዩዋት። ከንፈራቸው በጥም ተሰነጣጥቋል። «ሌላ ስም ይዘሻል?»

«ስም የለኝም። እሱ ግን አይደለም።»

«እዚህ የሚመጣ ስም ይዞ ነው የሚመጣ፣ ልጄ። እሱ አይደለም ብዬ ይሄን ሕዝብ ሌላ ሦስት ቀን ላቆየው? እስቲ ዙሪና እዪያቸው።»

አልዞረችም። የማንም ስም ቢሆን ይበቃ ነበር። የፈለቀች ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው። ከኋላዋ ያለው ሰው ተራው ደርሶ በትከሻው ገፋ አደረጋት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ጂብሪልን አስነሱት። የእጁ አንጓ ቁስል ስለሆነ ገመዱን ከክርኑ በላይ አሰሩት። ኩብራን ሁለት ሴቶች ይዘዋት ነበር። ሜዳው ተፈታ፤ ሰው ወደ ልጁ፣ ወደ ላሙ ሮጠ። ፈለቀች ሲያልፉ ውቢትን አንገቷን አቅፈው ሳሟት። «ዕድሜ ይስጥሽ፣ ገላገልሽን።»

«እትዬ» አለ ጂብሪል አጠገቧ ሲደርስ። «ያ ሰውዬ ጓደኛውን የገደለው በምን ምክንያት ነበር?»

«ምን አልከኝ?»

«ዳኛው መጠየቁ አይቀርም። እኔ ምክንያት የለኝም። እሱ ሲጠየቅ ምን አለ?»

ውቢት ለማስታወስ ሞከረች። ነጭ ለባሹም ገመዱን አላልቶ፣ መልሷን ለመስማት ቆመ።